ቆላ ላይ በጓሮ ዶሮ ማርባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ ጓሮዬ ውስጥ ዶሮ ማርባት ከጀመርኩ ወዲህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ አዋሽ፣ መተማ፣ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ ላላችሁም ይሆናል።

ሙቀት አገር ላይ ዶሮ ማርባት ይቻላል ወይ? አያልቁም?

ይቻላል። የዶሮ የዘር ግንድ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ሞቃት ጫካ የመጣ ነው፤ ሙቀት ለሷ እንግዳ አይደለም። ግን እዚያ የምትውለው ዛፍ ሥር ነበር። እኛ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር ዘግተን እናውላታለን።

ዶሮ አታልብም። ሙቀቷን የምታወጣው ራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ፣ አገጯ ሥር በሚንጠለጠለው፣ ክንፏን ከሰውነቷ አራቅ አድርጋ እና ሲብስባት አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው። በጤናዋ ጊዜ እንኳን የሰውነቷ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ይደርሳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ ብዙ መሄጃ የላትም። የሚመቻት አየር ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው። 30ን ሲያልፍ መብል ትቀንሳለች። የግንቦትና የሰኔ ድሬ ደግሞ 35ን እንደዋዛ ነው የሚያልፈው።

እኔን የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው «ምን ዓይነት ዝርያ ልግዛ፣ ምን ላብላ» ብሎ ነው። ቆላ ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያል። መጀመሪያ ጥላ፣ አየር እና ውሃ። እነዚህ ሦስቱ ሳይሟሉ ምርጥ ዶሮ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

በስንት ዶሮ ልጀምር?

በአምስት ወይም በስድስት። አንድ ግንቦት ካሳለፋችሁ በኋላ ጨምሩ። ደጋ ላይ ያለ ሰው በአንድ ካሬ ሜትር አምስት፣ ስድስት ዶሮ ያስገባል። እኛ ጋ አራት ይበቃል። እያንዳንዷ ዶሮ ራሷን የቻለች ምድጃ ናት፤ ሲጠጋጉ እርስ በርስ ይማሞቃሉ። ቀን ቀን የሚፈቱበት ጥላ ያለው ጓሮ ካለ ቤቱ ቢጠብም ግድ የለም፣ ሌሊት ግን አየር ማግኘት አለባቸው።

እንቁላል እንዲጥሉ አውራ ያስፈልጋቸዋል?

አያስፈልጋቸውም። አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። እንዲያውም ለመብል ብቻ ከሆነ የምታረቡት፣ ቆላ ላይ አውራ አለመኖሩ ይሻላል፤ ምክንያቱን እንቁላል ማስቀመጥ ላይ እነግራችኋለሁ።

የአበሻ ዶሮ ይሻላል ወይስ የፈረንጅ?

ከዶሮዋ በምትፈልጉት ነገር ይወሰናል። የአበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፣ እንቁላሏም ትንሽ ነው። ግን ሙቀት ትችላለች፣ ጭራ ትበላለች፣ ራሷን ከጭልፊት ትጠብቃለች፣ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ገበያ ላይ አንገተ መላጣ ካገኛችሁ እንዳታልፏት። አንገቷ ላይ ላባ ስለሌላትና በጠቅላላ ላባዋ ከሌሎቹ ስለሚያንስ ሙቀቷን በቀላሉ ታወጣለች። መልኳን አይቶ የሚንቃት ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ የምይዘው እሷን ነው።

ከፈረንጅ ዶሮዎች ፋዮሚ የግብፅ በረሃ ዳር ዝርያ ናት። ትንሽ፣ ቀልጣፋ፣ ሙቀትና በሽታ የምትችል ናት፤ ክፋቷ አጥር ትዘላለች። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች፣ በጓሮም ትለምዳለች፣ ግን ስትከብድ ሙቀት ይጥላታል። ቦቫንስ ብራውን በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 አካባቢ ትጥላለች። «በደንብ ከተያዘች» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። የተመጣጠነ መኖ፣ መብራት፣ ክትባት፣ ቀዝቃዛ ቤት ማለት ነው። እሱ ከሌለ ቦቫንስ በግንቦት የምትሰጣችሁ ጭንቀት ብቻ ነው።

ለሥጋ ብቻ የሚረቡት ነጫጭ ብሮይለሮች ለጀማሪ አይሆኑም። በአጭር ጊዜ ስለሚከብዱ ሙቀት ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቁት እነሱ ናቸው።

የዶሮ ቤቱን እንዴት ልሥራው?

የኔን ስህተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ዓመት ዶሮ ቤቴን ከግንብ አጥሩ ጋር አስጠግቼ፣ በሦስት ጎን በጣውላ ዘግቼ፣ ቆርቆሮውን ልክ በኔ ደረት ከፍታ ነበር ያለበስኩት። ሌባና ድመት አይገባም ብዬ ነው። ግንቦት ላይ አንድ ቀን ለቅሶ ደርሼ በ10 ሰዓት ስመለስ ስድስት ቄብ ሞቶ አገኘሁ። በሽታ አልነበረባቸውም። ውሃም ነበራቸው። አየር ግን አልነበራቸውም። ዛሬም ያ ቀን ትዝ ሲለኝ ያመኛል፣ ምክንያቱም አንድ ጎን ብከፍት ኖሮ አንዷም አትሞትም ነበር።

አሁን የምመክረው ይሄ ነው። የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፣ የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይ አጭሩን ጎን ብቻ እንድትመታ። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ብሎኬት ወይም ጭቃ፣ ከዚያ በላይ ሁሉም ወንፊት ሽቦ ይሁን። ሽቦው ቀዳዳው ጠባብ ቢሆን ይመረጣል፣ ሸለምጥማጥ በጠባብ ቀዳዳ ነው የምትገባው። ጣሪያው ሰው ቆሞ የሚገባበት ከፍታ ይኑረው፤ ከቻላችሁ ከዚያም ከፍ አድርጉት። የሳር ክዳን ካገኛችሁ ከሁሉም ይበልጣል። ቆርቆሮ ከሆነ ከላይ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ ቀቡት፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትታችሁ ሰሌን ወይም የሸንበቆ ምንጣፍ ወጥሩ። ቆርቆሮው የሚያወርደው ሙቀት እዚያ ላይ ይቀራል። ስትገቡ ልዩነቱ ለራሳችሁ ይታወቃችኋል።

ዛፍ ካላችሁ ቤቱን ዛፉ ሥር ሥሩት። እኛ ከተማ ኒም በየመንደሩ አለ፣ ጥላው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ዛፍ ከሌላችሁ ዛሬ ትከሉ፤ ሽፈራውና ፓፓያ ቶሎ ያድጋሉ። ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሰጋቱራ አንጥፉ፣ በሙቀት ወራት ግን ስስ አድርጉት። ወፍራም ንጣፍ ሥር ሥሩን ስለሚበሰብስ ራሱ ሙቀት ያወጣል።

ውሃ በቀን ስንት ጊዜ፣ ምን ያህል?

ዶሮ በደህና ቀን የምትጠጣው ውሃ የምትበላውን መኖ በክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሲሞቅ እሱም እጥፍ ይሆናል። አሥር የሚጥሉ ዶሮዎች በግንቦት ቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጨርሳሉ። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቀይሩ፦ ጠዋት፣ 6 ሰዓት ላይ እና 10 ሰዓት ላይ። የ6 ሰዓቷን ብዙ ሰው ይዘላታል፣ ዋናዋ ግን እሷ ናት።

ሰው የማያስተውለው ነገር የውሃው ሙቀት ነው። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ወይም ፀሐይ ላይ ከተዘረጋ ጥቁር ጎማ በቀን የሚመጣ ውሃ እጅ ያቃጥላል። ዶሮ እሱን አትጠጣም። ውሃው ፊቷ እያለ ትጠማለች። ሌሊት የቀዳችሁትን ውሃ በእንስራ ጥላ ውስጥ አስቀምጡና ቀን ቀን ከዚያ ቅዱ፤ ሸክላ ውሃ እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ እናቶቻችን ያሳዩን ነው። የሸክላ ገበቴ ለመጠጫም ከፕላስቲክ ይሻላል። አንድ መጠጫ ብቻ አታድርጉ። ጉልበተኛዋ ዶሮ ከቆመችበት ደካማዋ አትጠጋም፣ ስለዚህ በሁለት ቦታ አኑሩ፣ ሁለቱንም ጥላ ላይ።

ምን ላብላቸው? ስንት ሰዓት ላይ?

የሰዓቱን ላስቀድም፣ ቆላ ላይ ከዓይነቱ እኩል ነው። ዶሮ የበላችውን ስትፈጭ ሰውነቷ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱም የሚበረታው ከበላች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። በ4 ሰዓት ጠዋት ጥግብ ያለች ዶሮ ሙቀቷ ከቀኑ ሙቀት ጋር ይገጥምባታል። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አብሉ፣ ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት መኖውን አንሱ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ መልሱላቸው። ውሃ ግን መቼም አይነሳም። መብራት ካላችሁ በሙቀት ወራት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አንድ አምፖል አብሩላቸው። በቀዝቃዛው ሰዓት ተነስተው ይበላሉ፣ ለእንቁላል የሚያስፈልጋቸው ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃንም በዚያው ይሟላል።

አንዲት የምትጥል ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። የተዘጋጀ የእንቁላል ጣይ መኖ ካገኛችሁ ከሱ ጀምሩ። ራሳችሁ ከቀላቀላችሁ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ የተቆላ አኩሪ አተር፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት እና ጨው ናቸው መሠረቶቹ። አኩሪ አተሩን ሳትቆሉት እንዳትሰጡ፤ ጥሬው የምግብ መፈጨትን ይከለክላል። ሲሞቅ የሚበሉት ስለሚቀንስ በምትበላው ትንሽ መኖ ውስጥ ፕሮቲኑ ከፍ ማለት አለበት፣ ፋጉሎና አኩሪ አተሩን ጨምሩ እንጂ በቆሎውን አትጨምሩ። ሽፈራው ቅጠል ጥላ ላይ አድርቃችሁ ጥቂት ብትቀላቅሉበት ጥሩ ነው።

የቤት ትራፊ ብቻ በልተው አይኖሩም?

የአበሻ ዶሮ ጓሮ ጭራ፣ ምስጥና ትል ለቅማ፣ ትራፊ ጨምራችሁላት ትኖራለች። ከፈረንጅ ዶሮ ግን በእንጀራ ፍርፋሪ እንቁላል አትጠብቁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ የሻገተ አትስጡ። የሻገተ እንጀራም፣ የሻገተ በቆሎም፣ ለሰው አይሆንም ተብሎ የተለየ ለውዝም። እኛ ምሥራቁ ላይ ያለን ሰዎች የባቢሌን ለውዝ እናውቃለን፤ ጥሩ ለውዝ ነው፣ ግን ለውዝ እርጥበት ሲያገኘው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የሚያመርት ሻጋታ ቶሎ ይይዘዋል። መርዙ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፣ ሲቀቀልም አይጠፋም። ግማሹን ጣሉትና ሌላውን እንስጥ የሚባል ነገር የለም። አጠቃላይ ይጣል።

አገሩ እንዲህ እየሞቀ ለጫጩት አምፖል ያስፈልጋል?

ሌሊት ያስፈልጋል፣ ቀን አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ትፈልጋለች፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። ድሬ በግንቦት ቀን ላይ ይህንን በነፃ ይሰጣችኋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ይቀዘቅዛል፣ ጫጩት የሚያልቀውም ያኔ ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጫጩቶቹን ተመልከቱ። አምፖሉ ሥር ተቆላልፈው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው ክንፋቸውን ጥለው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ተበትነው ከበሉና ከተኙ ልክ ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስገቡ፣ ጭሱ ጫጩትም ሰውም ይገድላል። ለጀማሪ የምመክረው ግን ከአምፖሉ ጣጣ ወጥታችሁ የ45 ቀን ቄብ ብትገዙ ነው። ዋጋዋ ይወደዳል፤ ነገር ግን አስቸጋሪውን ጊዜ አልፋ ነው የምትመጣው። ስትገዙ የወሰደችውን ክትባት ጠይቁ፣ በጽሑፍም ተቀበሉ።

እንቁላል ያለ ፍሪጅ ስንት ቀን ይቆያል?

ቤቱ ውስጥ ካለው ቀዝቃዛ ቦታ፣ ሳይታጠብ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ከተቀመጠ ለአንድ ሳምንት አታስቡ። አታጥቡት ያልኩት ቅርፊቱ ላይ ጀርም የሚከላከል ስስ ሽፋን ስላለ ነው፤ ቆሻሻ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። እኔ አፈር ባጀበው አሮጌ ጋን ውስጥ ጭድ አድርጌ ነው የማስቀምጠው። በሁዳዴ ጾም ገበያው ሲቀዘቅዝና እንቁላሉ ሲጠራቀም ያቺ ጋን ትልቅ ነገር ነች።

አውራ ባይኖር ይሻላል ያልኩበት ምክንያት ይሄውላችሁ። አውራ ያገኛት ዶሮ የጣለችው እንቁላል ከ21 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲሆን ውስጡ ያለው ጽንስ ቀስ ብሎ ማደግ ይጀምራል። ደጋ ላይ ይሄ አያሳስብም። እኛ ጋ ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ እንቁላል ሰብራችሁ የደም ሥር ልታዩ ትችላላችሁ። ለማስታቀፍ የምትፈልጉትን እንቁላልም በዚሁ ምክንያት ከሦስት፣ አራት ቀን በላይ አታቆዩት። ጥርጣሬ ካላችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፦ የሰመጠ ደህና ነው፣ የተንሳፈፈ ይጣል።

ግንቦት ላይ እንቁላል ቀነሱ፣ የሚጥሉትም ቅርፊቱ ይሳሳል። ለምን?

የቀነሰው ስለማይበሉ ነው። ቅርፊቱ የሳሳው ግን ሌላ ምክንያትም አለው። ዶሮ ስታለከልክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ይወጣል። ቅርፊት ደግሞ የሚሠራው ከካልሲየምና ከዚያው ጋዝ ከሚገኝ ካርቦኔት ነው። ስለዚህ ኖራ ብትጨምሩላትም ማለክለኳ ካልቆመ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም። መጀመሪያ ቤቱን አቀዝቅዙ የምለው ለዚህ ነው።

ቅርፊት የሚሠራው በአብዛኛው ሌሊት ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ታጥቦ፣ ተቆልቶና ተሰባብሮ የተዘጋጀ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ሳህን ከ10 ሰዓት በኋላ አቅርቡላቸው፣ የሚያስፈልጋትን ራሷ ትለቅማለች። ቅርፊቱን ሳትሰባብሩ አትስጡ፤ የራሷን እንቁላል መብላት ትለምዳለች።

እርስ በርስ ይነካከሳሉ፣ ላባ ይነቃቀላሉ። ምን ላድርግ?

ሙቀት፣ መጣበብና የፕሮቲን ማነስ ናቸው ዋናዎቹ። የቆሰለችውን ዛሬውኑ ለዩ፤ ደም ካዩ ሌሎቹ አያቆሙም። ቦታ አስፉ፣ መጠጫና መብያ ጨምሩ፣ ጎመን ወይም ቅጠል ከፍ አድርጋችሁ አንጠልጥሉላቸው፣ እሱን ሲዘሉ ይውላሉ።

ክትባት የግድ ነው? የኔ ጥቂት ናቸው እኮ።

የግድ ነው፣ ለሦስት ዶሮም ቢሆን። ፈንግል የሚባለው ገዳይ የዶሮ በሽታ ከገባ መድኃኒት የለውም፣ ሰፈሩን በሙሉ ይጠርጋል። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ለጓሮ አርቢ የሚመቸው አይ-ቱ የሚባለው ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ነው። ዓይን ላይ አንድ ጠብታ፣ ከዚያ በየሦስት፣ አራት ወሩ ይደገማል። ሙቀት ይቋቋማል ማለት ግን ኪስ ውስጥ ይዋል ማለት አይደለም፤ ከክሊኒኩ በበረዶ ዕቃ አምጡት፣ በጥላም አቆዩት። ከአምስት፣ ስድስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ በአንድ ቀን ብታስከትቡ ጠርሙሱም አይባክንም፣ ሰፈሩም ይጠበቃል።

በውሃ የሚሰጥ ክትባት ከሆነ ንጋት ላይ፣ ገና ሙቀት ሳይነሳ ስጡ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ክትባቱን ይገድለዋል፣ የጉድጓድ ወይም የዝናብ ውሃ ተጠቀሙ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው መጨረስ አለባቸው። ትንኝ የሚበዛበት ቆላ ላይ ካላችሁ የዶሮ ፈንጣጣ ክትባትንም የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ፤ ፈንጣጣውን ትንኝ ያስተላልፈዋል። የታመመች ወይም በሙቀት የተዳከመች ዶሮ በዚያ ቀን አትከተብም።

ቀን ቀን ደህና ናቸው፣ ጠዋት ግን ገርጥተው፣ ደክመው ይነሳሉ። ምንድን ነው?

መዥገር ፈልጉ። በደረቅ ቆላ ያለው የዶሮ መዥገር ቀን ቀን በጣውላና በግድግዳ ስንጥቅ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። ለዚህ ነው ዶሮዋን ቀን አገላብጣችሁ ብዙውን ጊዜ የማታገኙት። ማታ 3 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛችሁ ግቡ፣ ቆጡ ላይና ክንፋቸው ሥር ታዩታላችሁ።

ስንጥቁን በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ድፈኑ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀቡ፣ ቆጡን ከግድግዳው አራቁና እግሩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት፣ እሱን ተሻግሮ አይወጣም። ለዶሮዎቹ አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት መታጠቢያ ጥላ ላይ አዘጋጁ። የመርዝ ርጭት ካስፈለገ ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ ቤቱን ባዶ አድርጋችሁ ብቻ። ለትኋን የተገዛ መርዝ ዶሮ ላይ የሚረጩ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ እንቁላሉን የሚበላው ልጃችሁ ነው።

ውሃ ብረጭባቸው ወይም ፋን ባደርግላቸው ይጠቅማል?

አገሩ ላይ ይወሰናል። ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ አፋር ደረቅ ነው። ደረቅ አየር ውስጥ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ስለዚህ ነፋስ በሚመጣበት ጎን እርጥብ ጆንያ መስቀል፣ ጣሪያውንና ዙሪያውን መሬት ውሃ ማጠጣት በደንብ ይሠራል። ጋምቤላ በዝናብ ወራት ግን አየሩ ራሱ ውሃ ነው። እዚያ ብትረጩ ውሃው አይተንም፣ እርጥበቱ ብቻ ይጨምራል፣ ዶሮዋም ብታለከልክ እንኳን ሙቀቷ አይወጣላትም። እዚያ የሚያድነው ነፋስ ነው።

ፋን በሁለቱም ቦታ ጥሩ ነው፣ አየሩን ዶሮዎቹ በሚቆሙበት ከፍታ ይግፋ። ግን መብራት ይጠፋል። በፋን ብቻ የሚኖር ቤት አትሥሩ፣ በራሱ የሚተነፍስ ቤት ሥሩና ፋኑን ጨምሩበት። ንጣፉን ደግሞ አታርጥቡ። እርጥብ ንጣፍ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ኮክሲዲዮሲስ የምንለውን ይጠራል።

ዶሮዬ በሙቀት ወደቀች፣ አሁኑኑ ምን ላድርግ?

ነፋስ ያለበት ጥላ ውሰዷት። እግሯን እስከ ጉልበቷ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሟት፣ ራሷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋና የክንፏን ሥር አርጥቡ። በረዶ አታድርጉ፣ ድንገተኛው ቅዝቃዜ ራሱ ሊገድላት ይችላል። አፏ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ። ወደ ሳንባዋ ይገባል። ጣታችሁን ነክራችሁ የመንቁሯን ጫፍ ብቻ ንኩላት፣ ስትነቃ ራሷ ትጠጣለች።

ከዚያ በአንድ ሊትር ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡና ለጥቂት ሰዓት እሱን ትጠጣ። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የምንሰጠው ኦአርኤስም ይሆናል። እስኪመሽ መኖ አትስጧት። አንዷ ከወደቀች ሌሎቹም መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነውና ወዲያው የቀሩትን እዩ።

በሙቀት ነው የሞቱት ወይስ በፈንግል? እንዴት ልለይ?

ሰዓቱን አስታውሱ። ሙቀት የሚገድለው በብዛት ከ7 ሰዓት እስከ ምሽት ነው፣ የሚጀምረውም ከወፍራሞቹና በብዛት ከሚጥሉት ነው። ከመሞታቸው በፊት ያለከልካሉ፣ የቀሩት ሲመሽ ይነቃሉ፣ ይበላሉ።

ፈንግል ሰዓት አይመርጥም። ጠዋት ስትከፍቱ ቆጡ ሥር ወድቀው ታገኛላችሁ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ ማስነጠስ፣ የተጣመመ አንገት፣ የሚጎተት ክንፍ ወይም እግር ካያችሁ፣ ማታም አልነቁ ካሉ፣ የጎረቤትም እየሞተ ከሆነ ፈንግልን ጠርጥሩ። በተለይ በበዓል ሰሞን ከገበያ አዲስ ዶሮ አምጥታችሁ ከሆነ። አዲስ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ መቆየት አለባት። ጥርጣሬ ካደረባችሁ በፍጹም ሌሎቹን ገበያ አውጥታችሁ አትሽጡ። እናንተ ላይ የደረሰው ሌላ ቤት እንዳይደርስ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ለበዓል ገበያ ስወስዳቸው መንገድ ላይ ሞቱብኝ።

እግራቸው ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥለው ነው የሄዱት አይደል? ቁልቁል የተንጠለጠለች ዶሮ ሆድ ዕቃዋ ደረቷን ስለሚጫናት በደንብ አትተነፍስም፣ አለመተንፈስ ደግሞ ሙቀትን አለማውጣት ነው። አየር በሚያስገባ ቅርጫት፣ ሳይጠባበቁ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ውሰዷቸው። ከመውጣታችሁ በፊት ውሃ ይጠጡ፣ መኖ ግን ይዘለል። ባጃጅ ላይ ከሆነ ቅርጫቱ ከሞተሩ ይራቅ፣ በፌስታል ወይም በሸራ አይሸፈን።

በሙቀት የሞተችው ሥጋዋ ይበላል?

አይበላም። ሳትታረድ የሞተች ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላትም። ከሃይማኖቱ ውጭም ቢሆን ደሟ አልወጣም፣ በዚህ ሙቀት ሥጋው በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል፣ በምን እንደሞተችም እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሥጋዋን ለውሻ መወርወርም ሆነ አሸዋው ላይ መጣል በሽታ ከነበረባት ሰፈሩን ሁሉ ማዳረስ ነው። ቢያንስ እስከ ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሯት፣ ላዩ ላይ ኖራ ወይም አመድ ነስንሱና አፈሩን አጥብቃችሁ ርገጡት፣ ሌሊት ጅብ እንዳያወጣት ድንጋይ ጫኑበት።